የጋሽ ባሳ ባሕር ዛፍ ቁመት

የሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ስናገር ሰዎች ከሁለት ነገር አንዱን ይሉኛል። ግማሾቹ «እኔ እኮ ሒሳብ አልወድም ነበር» ይላሉ፣ እንደ ጀግንነት። የቀሩት ደግሞ «ታዲያ ይሄ ታንጀንት ምናምን የምትሉት ነገር ለኑሮ ምን ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቁኛል። ለመጀመሪያዎቹ ዝም እላለሁ። ለሁለተኛዎቹ ድሮ ረጅም መልስ ነበረኝ፤ አሁን ግን ጥያቄውን በሰማሁ ቁጥር የእናቴ ዳሌ ትዝ ስለሚለኝ እሱንም ትቼዋለሁ። እስቲ ዛሬ ለእናንተ ልመልሰው።

ያኔ ሶዶ ከተማ ውስጥ አሥረኛ ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኝ ነበር። አላገባሁም። ምላሴ ስለታም ነው ይሉኛል፣ እኔም አልክድም። እናቴ የምትኖረው ከሃላሌ ወጣ ብሎ ባለ ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፤ አስተማሪ ልጅ በማሳደጓ ግን የምትኮራው ኩራት ልክ አልነበረውም። ምሕረት የሚለውን ስሜን ያወጣችልኝ እሷ ሆና ሳለ፣ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ቲቸር» ነው የምትለኝ። ገበያ መሃል ሆን ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ቲቸር፣ ነይ እስቲ ይሄን ያዢልኝ!» ትላለች። ሰው ዞር ብሎ ያያል። አፍር ነበር፤ ደግሞም ደስ ይለኝ ነበር።

የግቢያችንን አቀማመጥ ልንገራችሁ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባም። ከላይ የመኪና መንገዱና የመብራት ሽቦው አለ። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የአጎቴ የጋሽ ባሳ ግቢ ነው። በግቢያቸው ጠርዝ ላይ አያቴ የተከሉት አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ከዛፉ ሥር ጀምሮ ሣር የለበሰ ቁልቁለት ይወርዳል። ቁልቁለቱ የሚያበቃው እናቴ ደጃፍ ላይ ነው። ከቤቷ ጀርባ እንሰቱ አለ። ዛፉ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ታች፣ ወደ እኛ ቤት ዘመም ብሎ ነው የማውቀው።

ጋሽ ባሳ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ዲምቱ በኩል ዛፍ እየቆረጡ ነው የኖሩት፤ ወደ ሃላሌ ሲመለሱ ሙያቸውንና ዝናቸውን ይዘው መጡ። የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ የእናቴን ማሳ የሚያርሱላት፣ አጥሯን የሚያጥሩላት፣ ስትታመም ሰው የሚልኩላት እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ስበሳጭባቸው ክፉ ናቸው ያልኩ እንዳይመስላችሁ ነው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሶዶ መጥቼ ከመኪና ስወርድ እናቴ ደጃፏ ላይ ቦይና ትልጣለች። ከተማው ጎደሬ የሚለውን ማለቴ ነው። ለአንድ ሰው የማይሆን ክምር ነበር።

«ይሄ ሁሉ ለማነው?» አልኳት።

«ነገ ዳጎ አለ፣ ቲቸር። ባሳ ዛፉን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ። ለጣሪያው እንጨት። ነገ ይጣላል።»

ዳጎ እኛ ዘንድ እንደ ደቦ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ሥራ በአንድ ቀን ይጨርስለታል፤ ባለቤቱ ያበላል። ወደ ላይ ቀና አልኩና ዛፉን አየሁት፤ ከዚያ ዝቅ ብዬ ቤቱን አየሁ።

«ወዴት ነው የሚወድቀው?»

«ወዴት ይወድቃል? ከላይ መብራት አለ። በግራ የባሳ ቤት ነው። በቀኝ የሰው እንሰት ነው። ወደዚህ ነዋ፣ ሣሩ ላይ።»

ስንነጋገር ጋሽ ባሳ ሊለኩ ወጡ። አለካካቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከግንዱ ተነስተው ወደ መንገዱ ሽቅብ ይወጣሉ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ጀርባቸውን ለዛፉ ሰጥተው ጎንበስ ይሉና በእግሮቻቸው መሃል ወደ ኋላ ያያሉ። የዛፉ ጫፍ ካልታያቸው ቀና ብለው ይቀጥላሉ። ጫፉ ልክ ሲታያቸው ይቆማሉ። ከዚያ ቦታ እስከ ግንዱ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው።

እንዳትስቁ። እኔ ራሴ ይህን ዘዴ ተማሪዎቼን አስተምሬበታለሁ። ሰው አጎንብሶ በእግሮቹ መሃል ሲያይ ዓይኑ የሚያነጣጥረው አርባ አምስት ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በአርባ አምስት ዲግሪ ደግሞ ቁመትና ርቀት እኩል ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ ዛፍ ቆራጮች ታንጀንትን በቂጣቸው አገኙት ብዬ ክፍል ውስጥ አስቄበታለሁ። ዘዴው ልክ ነው፤ ግን ሜዳ ላይ ነው ልክ የሚሆነው።

ተዳፋት ላይ ቁልቁል ዞሮ ያጎነበሰ ሰው በአፍጢሙ ይደፋል። ስለዚህ እኛ አገር ዛፍ የሚለካ ሁሉ ከዳገቱ በኩል ነው የሚቆመው። ዳገት የወጣ ሰው ደግሞ የዛፉን ቁመት በከፊል አብሮ ወጥቶታል፤ ጫፉ ቶሎ ይታየዋል። የዛፉን እግር ረስቶ ከጉልበቱ በላይ ያለውን ይለካና «ጨረስኩ» ይላል። ጋሽ ባሳ ሙያውን የለመዱት ዲምቱ ነው፤ ዲምቱ ሜዳ ነው።

ርቀቱን በገመድ ወሰዱና ገመዱን ከግንዱ ጀምረው ወደ እኛ ቤት ዘረጉት። ደጃፋችን ሊደርስ ሦስት ሜትር ያህል ሲቀረው አለቀ። እዚያ ላይ ካስማ ተከሉ።

«ጫፉ እዚህ ያርፋል» አሉ ለእናቴ። «ሻይሽን ይዘሽ ደጅሽ ላይ ሆነሽ ማየት ትችያለሽ።»

እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በዚያ ሳምንት ተማሪዎቼን የሰንደቅ ዓላማውን ምሰሶ አስለክቻቸው ስለነበር መለኪያ ዕቃው ከቦርሳዬ አልወጣም። ትልቅ ዕቃ አይደለም። ፕሮትራክተር፣ ጠርዙ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ በክር የተንጠለጠለ አንድ የብሎን ዳዶ። በቀፎው የዛፉን ጫፍ ታያለህ፣ ክሩ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳረፈ ታነባለህ። ጋሽ ባሳ ሲሄዱ ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። በዳገቱ በኩል ከዛፉ አግድም ሃያ ሜትር ርቄ ቆምኩ። ወደ ጫፉ ሽቅብ ሳይ ሃምሳ አራት ዲግሪ። ወደ ሥሩ ቁልቁል ሳይ ደግሞ ሃያ አንድ። አጎቴ የረሱት ይህን ሁለተኛውን ነው። ስልኬ ላይ ሁለቱን ታንጀንቶች ደመርኩና በሃያ አባዛሁ።

ሠላሳ አምስት ሜትር።

ወርጄ ከግንዱ እስከ ደጃፋችን ለካሁ። ሠላሳ። ቦታ ቀይሬ ዛፉን ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። አምስት ሜትር ዛፍ እናቴ ቤት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ለጉቶው ግማሽ ሜትር ብቀንስለትም መሃል ምሰሶው ጋ ይደርሳል።

ለእናቴ ነገርኳት። ልጣጩን ከጭኗ ላይ እያራገፈች ሰማችኝ።

«አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ቲቸር። ተይው» አለች።

አልተውኩም። ጋሽ ባሳ ግቢ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መጥረቢያ ይስላሉ። ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ በወላይትኛ ነው፤ ለእናንተ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«ሳሮ፣ ጋሼ።»

«ሳሮ፣ የወንድሜ ልጅ። ነይ ተቀመጪ።»

«ዛፉን ለክቼው ነበር። ሠላሳ አምስት ሜትር ነው። ቤቱ ያለው ሠላሳ ላይ ነው።»

መሳላቸውን አላቆሙም። «በምን ለካሽው?»

ፕሮትራክተሩን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ ዳዶውን በጣታቸው መታ አደረጉትና ተወዛወዘ። «ይሄ የልጆች መጫወቻ አይደለም እንዴ?»

«የእርስዎም አለካክ ልክ ነው፣ ጋሼ። ሜዳ ላይ። እዚህ ግን የቆሙት ዳገት ላይ ነው፤ ዛፉን አሳንሰው ነው ያዩት።»

«እኔ ዲምቱ ዛፍ ስጥል አንቺ አልተወለድሽም። አንድ ቀን የሰው ቤት ነክቼ አውቃለሁ?»

«ዲምቱ ሜዳ ነው።»

እጃቸው ቆመ። ለአፍታ ያህል ወደ ተዳፋቱ ተመለከቱ። የገባቸው መሰለኝ። ከዚያ ሳቅ አሉ፣ የፍቅር ሳቅ ነው፣ ሕፃን ሆኜ ይስቁልኝ የነበረው ዓይነት።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ አሉ። ሂጂ እናትሽን አግዢ።»

«እሺ፣ አንድ ሰው ይውጣና ጫፉን ቀድሞ ይቁረጠው። ከዚያ ይጣል። ወይ ወደ ሌላ ሳምንት ይተላለፍ።»

አሁን ሳቁ ጠፋ። «ምሕረት። ዳጎው ከቤተ ክርስቲያን መድረክ ተነግሯል። ሰው ነገ ሥራውን ትቶ ይመጣል። ምግቡ ተሰናድቷል። ዳጎ ጠርቶ የመለሰ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም። ዳጎ የመለሰ ሰው ሁለተኛ ቢጠራ ማንም አይመጣለትም፤ ልጁ ሲያገባም፣ ቤቱ ሲቃጠልም። ይህን እኔም አውቃለሁ። ፕሮትራክተሬን ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ጋሽ ባሳ ግቢ ድስት ጥደው ይንጫጫሉ። እናቴም እዚያ ከእነሱ ጋር መሆን ነበረባት። በየዳጎው የምትውለው እዚያው ነው፤ ጨው የምትቀምሰው እሷ ናት። እኔ ግን ስነቃ ቤቱን ጠርጋ፣ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ፣ በርጩማዋን በጓሮ በር አጠገብ አድርጋ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ቦሎቄ የሞላ ሰፌድ አለ።

«አትሄጂም እንዴ?»

«አልሄድም። ትናንት ባሳን ያልሽው ሁሉ ደርሶኛል። ሴቶቹም ሰምተዋል። ቤቴን ትቼ ብወጣ የባሳን እጅ አላመንኩም ማለት ነው። እዚሁ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሰውም ይወቅልኝ።»

አንባቢዎቼ፣ ይህችን ልብ በሉልኝ። እኔ ዓርብ ዕለት ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ እናቴ ቅዳሜ ድስቶቹ ጋ ነበረች። ቤት ውስጥ ያስቀመጣት የእኔ ልክ መሆን ነው። ይህን ያህል ጊዜ አልፎም ይህችን ሒሳብ አልፈታኋትም።

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። ቦሎቄዋን ትፈለፍላለች። ቢቸግረኝ ወጥቼ ወደ ዛፉ ሽቅብ ሮጥኩ። ሰዉ ተሰብስቦ ሥራው በጸሎት ሊጀመር ነው። ወጣቶቹ መጥረቢያቸውን መሬት ላይ አኑረው አንገታቸውን ደፍተዋል። ጸሎቱ እንዳለቀ፣ «አሜን» ሲሉ፣ ሰው ፊት ቆምኩ። ድምፄ እንደ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ለስልሳ ተማሪ የለመደ ድምፅ ነው።

«ይህ ዛፍ ሠላሳ አምስት ሜትር ነው። ቤቱ ሠላሳ ላይ ነው። እናቴ ውስጥ ናት። ቤቱን ይመታዋል!»

ከድስቶቹ በኩል አንዲት ሴት «በኢየሱስ ስም!» አለች፣ ጋኔን እንደሚገሥጽ ሰው። ሌሎችም ተቀበሏት። አንዱ ወጣት «ኧረ ሟርት ነው» አለ። ጋሽ ባሳ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ እሱ ነው የባሰው። የታየው ፍርሃት ነው፣ ከዛፉ ሳይሆን ከእኔ።

«በአፍሽ አታውጂ» አሉ ዝግ ብለው። «የእናትሽ ቤት ላይ በአፍሽ ሞት አታውጂ።»

«እያወጅኩ አይደለም። ለክቼ ነው!»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሂጂ።»

ዘወር አሉና ምልክት ሰጡ። የመጀመሪያው መጥረቢያ ግንዱ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ድንጋይ ነበር።

ቁልቁል ወርጄ ካስማውን አልፌ ቤት ገባሁ። እናቴ እዚያው ናት።

«እማዬ፣ ውጪ። በእግዜር ይዤሻለሁ።»

«ተቀመጪ ወይ ሂጂ። አትቁሚብኝ።»

«ይወድቅብሻል እኮ!»

ሰፌዱን አወዛወዘች። ከላይ የሁለት መጥረቢያ ድምፅ ተራ በተራ ይሰማል። «ስሚ፣ ቲቸር። አንቺ ሰኞ ሶዶ ነሽ። እኔ ሰኞም ማክሰኞም እዚህ ነኝ። ማሳዬን የሚያርስልኝ ማነው? ስታመም ደጄን የሚከፍተው ማነው? ስሞት የሚቀብረኝ ሠላሳ አምስት ሜትርሽ ነው?»

«ልክ ነኝ እኮ፣ እማዬ።»

ቀና ብላ አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«ልክ ብትሆኚስ?» አለች።

ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም። ክንዷን ይዤ ልጎትታት ስሞክር በርጩማዋን በእግሯ አጥብቃ ያዘች። አጥንቷ ቀጭን ነው፤ ግን እንሰት ስትፍቅ የኖረች ሴት ናት። ስንታገል የመጥረቢያው ድምፅ ቆመ።

ሰዎች ጮኹ። ከዚያ ዛፉ ጮኸ። የሚወድቅ ዛፍ መጀመሪያ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ነው፤ ቀጥሎ እንደ ነፋስ። እናቴ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ሰፌዱ ከጭኗ ወደቀ። ብድግ ብላ በሁለት እጇ ደረቴን ገፋችኝና በጓሮ በር ወርውራ አስወጣችኝ። «ውጪ!» ያለችው ያንኑ እኔ ስላት የነበረውን ቃል ነው። በጀርባዬ እንሰቱ መሃል ወደቅሁ። ያየሁት ጣሪያው ወደ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው።

እናቴ ያን ጊዜ አመነችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይደለም፤ ያኔ ግን አመነችኝ። ባታምነኝ አትገፋኝም ነበር።

መጀመሪያ የደረሱት ጋሽ ባሳ ናቸው። ቆርቆሮውን በባዶ እጃቸው ሲቀድዱት ጣታቸው ደም በደም ሆነ። «ጦሶ! ጦሶ!» እያሉ አምላካቸውን ይጠራሉ፤ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ። ቅርንጫፉን ቆርጠን፣ ጭቃውን ገፍተን አወጣናት። በሕይወት ነበረች። ዳሌዋ ተሰብሯል። በቃሬዛ ተሸክመው ሽቅብ ወደ መንገዱ ሲወስዷት እኔ ከኋላ ነበርኩ። የዛፉን ጫፍ ዞሬ አየሁት። እናቴ በቃሬዛ ላይ ሆና እያቃሰተች፣ እኔ ጫፉ የት እንዳረፈ አየሁ። መሃል ምሰሶውን አንድ ክንድ አልፎ ነበር።

ሶዶ ሆስፒታል አስተኛናት። ጠያቂዎች ከሃላሌ ድረስ ይመጡ ነበር። ሙዝና ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ከዚያ እኔን ያዩኛል። አንዷ የእናቴ ወዳጅ እኔ የሌለሁ ይመስል «ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል» አለች፣ ዓይኗን የእናቴ ዳሌ ላይ አድርጋ። ቀስ በቀስ ገባኝ። ሃላሌ ውስጥ ጋሽ ባሳ ተሳሳቱ ያለ አንድም ሰው የለም። ዛፉ እንደተለካው ካስማው ላይ ሊያርፍ ነበር፤ ልጅቱ ሰው ፊት ቆማ፣ ገና «አሜን» እንደተባለ፣ በአፏ አስረዘመችው። ለካሁ የምትለው ነገር ደግሞ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው፤ ማን ምን እንደሆነ ያውቃል?

ተናደድኩ። ሽማግሌዎች ጠሩኝ፤ አልሄድም አልኩ። ሁለተኛ ጠሩኝ፤ ፕሮትራክተሬን ይዤ ሄጄ ሁሉንም ከዳገቱ ላይ አስጎነብሳቸዋለሁ አልኩ። ለእናቴ ስነግራት በአልጋዋ ላይ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ቤቴን የሚሠራልኝ ባሳ ነው» አለች። «ሰው ፊት አንገቱን ከደፋ እንዴት ይሠራል? ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ።»

«ምን አጥፍቼ?»

«እኔ ነኝ የተሰበርኩት፣ አንቺ አይደለሽም። ሂጂ አልኩሽ፣ ምሕረት።»

ምሕረት አለችኝ። ቲቸር አላለችኝም። ከዚያ ቀን በኋላም ብላኝ አታውቅም።

ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ «በአንደበቴ ስለተናገርኩት ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። ጋሽ ባሳ አቅፈው ሳሙኝ፣ አለቀሱ፣ እንባቸው አንገቴ ውስጥ ገባ። በዓለም ላይ ትክክል ለሆነ ስሌት ይቅርታ የጠየቅሁ የሒሳብ አስተማሪ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቤቱን ከዚያው ዛፍ እንጨት ሠሩላት፣ ከፊተኛው የተሻለ አድርገው። ቃላቸውን ጠብቀዋል። እናቴም በምርኩዝ መሄድ ጀመረች። ዝናብ ሊመጣ ሲል ዳሌዋ ቀድሞ ያውቃል።

አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። ታንጀንት ለኑሮ ምን ይጠቅማል? ድሮ «እውነቱን ለማወቅ» እላችሁ ነበር። እውነቱን ማወቅ እንደሆነ ሃያ ሜትር ርቆ መቆም ብቻ ነው፤ ተማሪዎቼ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለምዱታል። ያን እውነት ለሰዎች እንዴት እንደሚነግሩት፣ የሰሚውንም ክብር እንዴት እንደሚያተርፉለት ግን ማንም አላስተማረኝም፤ እኔም አላስተምራቸውም፣ ስለማላውቀው። መራራ ሆነሻል ይሉኛል ጓደኞቼ። አዎ፣ ሆኛለሁ። ለእናቴ የነገርኳት ልክ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለችው እሷ ናት፤ ይቅርታውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ይህ የማይመርረው ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

በቀጣዩ በጋ ሃላሌ ሄጄ ሳለ ጋሽ ባሳ እንሰቱ ውስጥ ጠብቀው አገኙኝ። ግራ ቀኝ አዩ። ግቢያቸው ውስጥ ሌላ ባሕር ዛፍ አለ፤ እሱም ሊጣል ነው፤ የሚወድቀውም ወደ እናቴ ደጅ ነው።

«ያቺ ነገርሽ አለች?» አሉኝ።

«የትኛዋ?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

«ያቺ ክር ያላት።» መሬት መሬት እያዩ ነው። «ሰው ሳያይ ለኪልኝ። ግን ቁጥሩን በአፍሽ እንዳትጠሪው። ጫፉ የሚደርስበት ላይ ድንጋይ አድርጊልኝ፤ ይበቃል።»

ስድብ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ለካሁ፤ ከእናቴ ደጃፍ ራቅ ብሎ ሣሩ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አስቀመጥኩ። በዳጎው ቀን ሰው ተሰብስቦ አንዱ ወጣት ድንጋዩን አይቶ ጠየቀ። ጋሽ ባሳ «ተለክቷል» አሉ። ማን እንደለካው አላሉም፤ የጠየቀም የለም።

ጸሎቱ ሲያልቅ የእናቴ በር ተከፈተ። በአንድ እጇ ምርኩዟን፣ በሌላው በርጩማዋን ይዛ እያነከሰች ወጣች። ቤቷን ትታ ወጣች፣ ሰው ሁሉ እያያት። እኔ ወደቆምኩበት ዳር መጣችና ከድንጋዩ በጣም ርቃ በርጩማዋን አኖረች። ቁጭ አለች። የመጀመሪያው መጥረቢያ ሲሰማ ዓይኗን ከዛፉ ላይ ሳታነሳ ቀስ ብላ፣ ከእኔ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ምሕረት፣ እዚህ ይደርሳል?»

በአፌ እንዳልናገር ተከልክያለሁና፣ አይደርስም ለማለት ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩላት።